የጀርመን መሳፍንት ውል በእድራችን ድንኳን

የሰላም ውል የሚፈረመው ሰዎች ሲታረቁ ይመስላችኋል? ሲደክማቸው ነው። በዘጋቢነት ዘመኔ ብዙ ውል ሲፈረም አይቻለሁ፤ ፈራሚዎቹ ምን እንደፈረሙ ሲስማሙ ግን አላየሁም።

አምቦ ያለው እድራችንም ደክሞት ነበር። ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ድንኳን ሥር ሆኖ፣ ሰው በሞተ ቁጥር ቄስ ይቅደም ፓስተር ይቅደም እያለ ሲነታረክ ከረመ። በመጨረሻ የታሪክ መምህሩ ጋሽ ታምሩ ከአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መፍትሔ ይዘውልን መጡ። የጀርመን መሳፍንት ከንጉሠ ነገሥታቸው ጋር በሃይማኖት ተዋግተው ሲታክታቸው፣ መልእክተኛ ሲመላለስ ከርሞ፣ «የግዛቱ ጌታ እምነት የግዛቱ እምነት ይሁን» ብለው ተዋዋሉ አሉን። እኛም ወሰድነው፤ ለቅሶው በማን ቤት ነው፣ ጸሎቱም የእሱ። ከሁሉ አጥብቆ የደገፈው የጤና ጣቢያው ጸሐፊ ኦቦ ገመቹ ነው፤ ፕሮቴስታንት ነው። ያ ውል ኋላ የመጣውን የባሰ ጦርነት እንዳላስቀረ ጋሽ ታምሩ አልነገሩንም።

ብዙም ሳይቆይ የገመቹ አማት አረፉ። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ ልጃቸው፣ ማለትም የገመቹ ሚስት አስካለ፣ ኦርቶዶክስ። ለቅሶው የተቀመጠበት ቤት ግን የገመቹ። በውላችን መሠረት ቄስ አይገባም።

አስካለ የእድሩን ዳኛ በር ላይ ያዘቻቸው። «ኦቦ ቶሎሳ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ባልጸለየችው ጸሎት ትሸኝ? እስቲ ይንገሩኝ!»

ዳኛው ወደ ባሏ ዞሩ።

«ውል ውል ነው። ለሰው ሲሆን አጥብቄ ለራሴ ላላላ?» አለ ገመቹ። ዓይኑ ቀልቷል። አማቱን ሲያስታምም የከረመው እሱ ነው።

«ማል ጎና?» አሉ ዳኛው። ምን እንደምናደርግ ግን በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያውቅ አልተገኘም።

እኔ ከእንባ ይልቅ ሰነድ ስለማምን፣ «የቤቱ ወረቀት ይምጣ» አልኩ። ገመቹ ከቁም ሳጥን አውጥቶ ሰጠኝ። የኪራይ ውል ነው። አከራይ፦ ቀበሌ።

«እንግዲህ የቀበሌው ጸሎት ይድረሳ!» አለ አንዱ ከኋላ። በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነውና ሁላችንም ሳልን።

«መንግሥት ደግሞ በሕግ ሃይማኖት የለውም፤ ስለዚህ…» ብለው ጋሽ ታምሩ ጀመሩ። አልጨረሱትም።

ገመቹ ብድግ አለ። «ቤቱ የእኔ ካልሆነ የማፈርሰው ውል የለም» ብሎ ቄሱን ራሱ ሊጠራ ወጣ። አስካለ ያለቀሰችው ገና ያን ጊዜ ነው።

ያልገባኝ ነገር አንድ ነው። ያን የኪራይ ውል በየዓመቱ ቀበሌ ሄዶ የሚያሳድሰው ራሱ ገመቹ ነው። ሰንብቼ ጠየቅሁት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«የጠየቀኝ ሰው ነበር?» አለኝ።