አሮጌውን አምጣ

በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም የመኪና መለዋወጫ መደዳ፣ ዕቃውን ከሌባ ሳይሆን ከገዢ የሚጠብቅ አንድ ሻጭ አይጠፋም። ሌሎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩህ «ግባ ወንድሜ፣ ምን ልስጥህ» ይሉሃል። እሱ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ፣ ሴት ልጁን ልትጠይቅ የመጣህ ይመስል፣ ከጫማህ ጀምሮ ወደ ላይ ይመረምርሃል። ፊትህ ላይ ሲደርስ ያየው ነገር አያስደስተውም።

የእኛው በዕድሜም በኩራትም ስለሚበልጡን አንቱ እንላቸዋለን። ስም ሳይኖራቸው አይቀርም፣ የሚያውቀው ግን የለም። ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ከአፋቸው በማትጠፋው አንዲት ቃል ነው፦ ክቡር አሮጌውን አምጣ። የፍሬን ሸራ ስትጠይቃቸው «አሮጌውን አምጣ።» የዝናብ መጥረጊያ ስትጠይቃቸው «አሮጌውን አምጣ።» አንዲት ሴትዮ ለሞተር የሚጨመር ዘይት ጠይቃቸው «የድሮውን በጠርሙስ አምጪ» አሏት ይባላል።

ሐሜት አልወድም። የሰማሁትን ብቻዬን ይዤ መቀመጥ ግን አልችልበትም። ባለቤታቸው አምፖል እንዲገዙ ቢልኳቸው የሚሠራውን ፈትተው ለናሙና ይዘው ሄዱ፤ ቤተሰቡ ሁለት ቀን መታጠቢያ ቤት በዳበሳ ገባ። የፊት ጥርሳቸው የወለቀ ጊዜ ደግሞ ሐኪሙ ዘንድ ሄደው በመሐረብ የቋጠሯትን ጥርስ አስረከቡ። «ይኼ አያስፈልገኝም» ሲላቸው «ታዲያ ከምን ጋር ልታመሳክረው ነው?» ብለው ተነስተው ወጡ። እስከ ዛሬ የፊት ጥርሳቸው ቦታ ክፍት ነው።

እኔ እጃቸው ላይ የወደቅኩት በአባቴ ወገብ ምክንያት ነው። አባቴ ወገቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አርብ ከሆስፒታል ሊወጣ ነበር። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ «መንገድ ላይ መናጥ የለበትም፤ አንድ መጥፎ ጉድጓድ የኔን ሥራ ያበላሸዋል» አለኝ። የኛ መኪና ደግሞ ከትዳሬ በዕድሜ የሚበልጥ፣ አባቴ ለዓመታት ነድቶ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ለኔ ያወረሰኝ ነው። የኋላ አሞርዛተሮቹ፣ ማለትም መኪና ጉድጓድ ሲገባ ነጠራውን ውጠው የሚያስቀሩት ዘንጎች፣ ሥራ ከለቀቁ ቆይተዋል። አንድ ጉብታ ካለፍን በኋላ የሚቀጥለው ጉብታ ድረስ ስለ መጀመሪያው እየነጠርን እናወራለን።

ሚስቴ «ለአንድ ቀን የሰው መኪና እንከራይ» ብትል አባቴ ከአልጋው ላይ ሰማ። «በራሴ መኪና መጥቼ በሰው መኪና አልመለስም» አለ። አባቴ አንዴ ካለ አለ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። የኋላ አሞርዛተር ፈልጌ ነበር።»

«ለምን መኪና?»

ነገርኳቸው። ዓመቱን ሲጠይቁኝ ተዘጋጅቼ ነበርና ሊብሬውን አወጣሁ። በሁለት ጣት ይዘው አዩት።

«ወረቀት ነው» አሉ።

«ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው እንጂ ጋሼ።»

«ማኅተሙን የመታው ሰውዬ መኪናው ሥር ገብቶ አያውቅም። አሮጌውን አምጣ።»

ማክሰኞ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ልቤ ተስፋ አደረገ። «ፎቶ ቁመት የለውም» አሉኝና ስልኬን መለሱልኝ።

ረቡዕ ሚስቴ መጋረጃ የምትለካበትን ሜትር ይዤ መኪናው ሥር ገባሁ። ጭቃ ዓይኔ ውስጥ፣ ዝገት አፌ ውስጥ እየገባ ለካሁና በድል አድራጊነት ሱቃቸው ደረስኩ።

«አርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር።»

«ተዘርግቶ ነው ተጨምቆ?»

«ጋሼ፣ የተጨመቅኩትስ እኔ ነኝ።»

«ላዩ ቀለበት ነው ቡሎን?»

«ዝገት ነው።»

«አሮጌውን አምጣ።»

ያን ቀን ደሜ ፈልቶ ወጣሁና ጎናቸው ያለው ሱቅ ገባሁ። እዚያ ያለው ሻጭ ተናግሬ ሳልጨርስ ካርቶን ይዞ ቆሟል። «ለዚያ መኪና? ሞልቷል። ለማንኛውም መኪና ይሆናል» አለኝ። እንዴት ደስ የሚል ሰው። ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት «ቀዩን ነው ሰማያዊውን?» ሲለኝ ግን እጄ እዚያው ቀረ። አሞርዛተር እንደ ሸሚዝ በቀለም ሲመረጥ ሰምቼ አላውቅም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ያለኝ ትዝ አለኝ። «ሚስቴን አማክሬ» ብዬ ሹልክ አልኩ።

ሐሙስ መኪናውን መካኒክ ዘንድ አስገባሁ። «አለቃ፣ ይኼ ቡሎን ከብረቱ ጋር ተጋብቷል፣ ማፋታት ነው ያለብን» አለና ሲያፋታ ረፈደ። የግራውን ሲያወጣልኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌ ሮጥኩ። ሕፃኑ ዘይቱን ሱሪዬ ላይ እየለቀቀ አብሮኝ ደረሰ።

ክቡርነታቸው ባንኮኒው ላይ አቆሙትና በመዳፋቸው ተጫኑት። ወረደ። መነሳቱን ጠበቅን። እሳቸው ጠበቁ፣ እኔ ጠበቅኩ፣ በሩ ላይ የቆመ ሌላ ገዢም ጠበቀ። አልተነሳም።

«ይኼ ከሞተ ቆይቷል» አሉ። በጨርቅ ጭቃውን ሲጠርጉለት ከሥሩ ቀይ ቀለም ብቅ አለ። ቀዩን አዩ፣ ከዚያ የጎረቤታቸውን ግድግዳ አዩ። ከመደርደሪያ አንድ አውርደው ጎን ለጎን አቆሙና «የአንተ መኪና ዕቃ አይደለም። ድንጋይ የሚጭን ፒካፕ ዕቃ ነው። ሰው በሚጭን መኪና ላይ የገጠመው ማን ነው?» አሉኝ።

«እንጃ ጋሼ። አሁን ይስጡኝና ልሂድ።»

«የቀኙስ?»

«የቀኙ ምን?»

«አሮጌው የቀኙ።»

እዚህ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ መንትያ ናቸው። መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። አባቴ ነገ ከሆስፒታል ይወጣል፣ ወገቡን ተቀዶ ነው፣ እርስዎ የብረት ሬሳ ይሰበስባሉ» አልኳቸው።

ባንኮኒው ላይ ደገፍ አሉና በጣም ቀስ ብለው «በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከኋላ። በቀኝ።»

«ታዲያ የቀኙን ሳላይ እንዴት ልስጥህ? ሩጥ።»

ሮጥኩ። ያመጣሁትን ከግራው ጎን አቆሙት። ሁለት ጣት ያጥራል። ይህን ለማንም ላልናገር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ሁለቱ ቀይ አሞርዛተሮች መንትያ የነበሩት በቀለም ብቻ ነው፤ መኪናችን ለዓመታት ያነከሰው ለካ በዚያ በኩል ነው።

ምርጫው ላይም ተጣላን። መካኒኩ «ጋዝ ያለውን ግዛ፣ ጠንካራ ነው» ብሎኝ ነበር። ይህን ስነግራቸው «ጋዙ ለሚሮጥ ነው፤ አንተ አባትህን ይዘህ ወዴት ነው የምትሮጠው? የዘይቱ ለስለስ ይላል» አሉኝ። ከዚያ እያንዳንዱን ቀጥ አድርገው ይዘው፣ አየሩ እስኪወጣ አምስት አምስት ጊዜ ሳቡት፣ ጨመቁት፤ ጆሮአቸውን አስጠግተው አዳመጡት። በሩ ላይ ስደርስም ተከተለኝ ድምፃቸው። «ቡሎኑን የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ብታጠብቁት ላስቲኩ ይጠመዘዝና ቶሎ ይሞታል። ለመካኒኩ ንገረው፣ ያውቃል፣ ግን ንገረው።»

ነገርኩት። ያውቅ ነበር። ተቀየመኝ።

አርብ አባቴን በሁለት ትራስ መካከል አስቀመጥን። የሆስፒታሉ በር ላይ አንድ አጋሰስ የሚያህል ጉብታ አለ። ሚስቴ ዓይኗን ጨፈነች። መኪናው ወረደ፣ አንዴ ተነሳ፣ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ያንን ጥርሰ ክፍት ሽማግሌ ሄጄ ግንባሩን ልስመው አሰኘኝ። ደግነቱ መሪ ይዤ ነበር።

«ምን አድርገህበት ነው?» አለ አባቴ ከኋላ።

የሳምንቱን ታሪክ ሁሉ ተረኩለት። ሊብሬውን፣ ፎቶውን፣ የመጋረጃ ሜትሩን። በየቦታው ወገቡን ይዞ «ኧረ ተው አታስቀኝ» እያለ ይስቃል። ቀዩ ቀለም ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ቆመ። በመስተዋት አየሁት፤ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

«ያ ሰውዬ አሁንም እዚያው አለ?» አለኝ።

«ታውቃቸዋለህ እንዴ አባዬ?»

«ዘንድሮ አሥር ዓመቱ ነው። አሮጌውን አምጣ አለኝ። እኔ ለአሮጌ ብረት የምመላለስ ሰው ነኝ እንዴ ብዬ ከጎኑ ያለው ሱቅ ገባሁ። ቀዩ ያምራል አሉኝ።»

ሚስቴ ወደ መስኮቱ ዞራ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አሥር ዓመት ሙሉ፣ በየጉድጓዱ፣ ድንጋይ በሚጭን አሞርዛተር ላይ ወገቡን ይዞ ሲነጥር የኖረው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዙረው» አለ። «በዚያ በኩል እንለፍ።»

ሱቁ በር ላይ አቆምኩና አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። «ጋሼ፣ አሮጌውን አምጥቻለሁ።»

«አፍህን» አለ አባቴ ከኋላ።

ክቡርነታቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ። በኋላው መስኮት ጎንበስ ብለው አባቴን እንደ ልማዳቸው ከጫማው ጀምሮ ወደ ላይ መረመሩት። ፊቱ ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

«ቀዩን የገዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

ብዙ ነገር ይሉታል ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን ለአንድ ሳምንት የሚበቃ እናገር ነበር። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ዞረው መኪናውን በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ተጫኑት። ወረደ፣ አንዴ ተነሳ፣ ቀጥ አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ፊት ሄደው ኮፈኑን ጫን አደረጉት። መኪናው ሦስት ጊዜ አጎነበሰ። የሚመጣውን አውቄ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሰኞ» አሉኝ። «አሮጌውን አምጣ።»

«ብረቱን ነው ወይስ እኔን?» አለ አባቴ።

ፈገግ ሲሉ ያቺን ክፍት ጥርሳቸውን ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሁለቱንም» አሉ።