ጋሽ ማን ነካው

ኮምፒውተር የገባበት ሰፈር ሁሉ አንድ አዋቂ አለው። ማንም አልሾመውም፤ የሚሽረውም የለም። የአንዱ ቤት ኮምፒውተር አልነሣ ሲል፣ የሌላው ቤት ተነሥቶ አልጠፋ ሲል፣ የሚጠራው እሱ ነው። የትም አገር ይኑር፣ ምንም ሥራ ይሥራ፣ በሩን አልፎ ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማን ነካው?» አዋቂዎች ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስበው የተማማሉ ይመስለኛል። የቤተሰቡም መልስ በየቤቱ አንድ ነው፦ «ኧረ ማንም አልነካውም!»

የእኛ ሰፈር አዋቂ ጡረታ የወጡ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው፣ በራሴ ሥልጣን እንደሰጠኋቸው፣ ክቡር ሊቀ ሊቃውንት ዘኮምፒውተር ወፕሪንተር ነው። ሰፈሩ ግን አሳጥሮ «ጋሽ ማን ነካው» ይላቸዋል። እሳቸው ይህን አያውቁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ጋሼ ዕድሜያቸውን የፈጁት አስፋልት ላይ ተንበርክከው የፍሬን ምልክት ሲለኩ ነው። ስለዚህ ለእሳቸው ብልሽት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው አደጋ ነው፤ አደጋ ደግሞ አጥፊ አለው። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን የባንክ ሠራተኛዋ ስክሪን ድንገት ጨለመባት። ጋሼ መጡ፣ ወንበሩ ካለበት ንቅንቅ እንዳይል አዘዙ፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ጠረጴዛውን ዞሩት።

«ሲጨልም ወዴት እያየሽ ነበር?»

«ወደ ስክሪኑ ነዋ፣ ጋሼ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ።

ኋላ ጠረጴዛው ሥር ሲያጎነብሱ፣ ልጅቷ እግሯን ስትዘረጋ ገመዱን ረግጣ ነቅላው ኖሯል። ጋሼ አቧራቸውን አራገፉና ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ጥፋቱ የእግረኛ ነው።»

የዳቦ ቤቱ ባለቤትና ሚስቱ ደግሞ ፕሪንተራቸው አላትም ብሏቸው ጠሯቸው። ጋሼ ምስክር እንዳይመካከር ብለው ባልየውን ሳሎን፣ ሚስትየውን መኝታ ቤት አስቀምጠው ለየብቻ ቃል ተቀበሉ። ቃላቸው ተለያየ። አንዱ በሌላው ላይ ያልተናገረው ጉድ አልቀረም፤ የድሮ ቂም ሳይቀር ወጣ። ለካ ፕሪንተሩ ወረቀት አልነበረበትም! ወረቀት ሲገባበት በደንብ አተመ፤ ባልና ሚስቱ ግን ስንት ቀን ሳይነጋገሩ ሰነበቱ።

እኔማ የተፈረደብኝን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ጥፋቴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጥንቃቄ የጎደለው አነካክ።» እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱት ጣቴን ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስንት ሙሽራ ልክ በራሷ ውስጥ ይዛ ኖራለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። የሚያስቆጥራት አልነበረም። ዐይኗ ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት እኛ ዘንድ መጣች። እኅቴ ደግሞ ፊደል በትልቁ እያሳየ በድምፅ የሚያስተምር ፕሮግራም አምጥታ ኮምፒውተራችን ላይ ጫነችላት፤ በኪቦርዱም ቁልፎች ላይ የአማርኛ ፊደል ለጠፈችላት። የፕሮግራሙ መክፈቻ ቢጫ ወፍ ናት። እናቴ ከሌሎቹ ሥዕሎች ሥር የተጻፈውን ማንበብ አትችልም፤ ወፏን ግን ታውቃታለች። ወፏን ትነካለች፣ ፊደሉ ይመጣል፣ «ለ፣ ሉ፣ ሊ» ትላለች። ድምፅዋ ጓሮ ድረስ ይሰማል።

በቀደም አብረን ታክሲ ተሳፍረን፣ «በ... ር... በር ይላል!» ብላ ስትጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ በሩን አየ። እኔ አፈርኩ ብል ውሸት ነው። ደረቴን ነፍቼ ነው የወረድኩት።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፣ እናቴ ጀርባዋን ለኮምፒውተሩ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ወፏ ሄደች» አለችኝ።

«የት ሄደች?»

«እንጃ። አበላሸሁት መሰለኝ። በቃ ተወው፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ምን ያደርግልኛል? ድሮም ለእኔ አላለውም።»

አንጀቴን በላችው። ተቀምጬ ፈለግኩ፤ የማላውቀውን ሁሉ ከፈትኩ፣ የከፈትኩትን መዝጋት አቃተኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ በጎኑ ማስተኛት ነው። እናቴም አንገቷን አዘንብላ አየችውና፣ «አየህ፣ ጭራሽ ወደቀ» አለች።

ጋሼን መጥራት ግድ ሆነ። ግን ፈራሁ። ያችን ጥያቄያቸውን እናቴ ላይ ካነሡባት፣ ዳግመኛ እዚያ ወንበር ላይ እንደማትቀመጥ ዐውቀዋለሁ። ሰው ሲቆጣት የማትመልስ፣ ነገሩን ይዛው የምታድር ሴት ናት። በር ላይ ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ እባክዎን ዛሬ እንኳ...» ስል እጃቸውን አነሡ።

«ምርመራ ውስጥ አትግባ» ብለውኝ አለፉ።

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ደብቃለች። ጋሼ እንደ ልማዳቸው መሬቱን፣ ወንበሩን፣ የተኛውን ስክሪን አዩ። ከዚያ ዐይናቸው ማውሱ አጠገብ ያለች የተጣጠፈች እርጥብ ጨርቅ ላይ ዐረፈ። እናቴ የስፌት ማሽኗን ሥራ ስትጀምርም ስትጨርስም ሳትወለውል አትነሣም ነበር፤ ኮምፒውተሩንም እንደዚያው ነው የምታደርገው፤ ቢበራም ባይበራም፣ ማውሱን ጭምር እሽት አድርጋ። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ጋሼ ግን ጨርቋን አይተው ወደ እናቴ ዞሩ።

«እኔ እንኳ...» አለች እናቴ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ጋሼ። «የነካሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«እኔ ነኝ። ባለፈው ስመጣ እጄ አዳልጦኝ ነው። በትልልቅ መሥሪያ ቤትም ያጋጥማል።»

እናቴ ትንፋሿን ለቀቀች። እጆቿ ከሻርፑ ወጡ። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣ፤ ተቆጣች።

«ታዲያ አይጠነቀቁም እንዴ? ሰው'ኮ ሥራ ፈቶ ዋለ!»

«ልክ ነዎት» አሉ ክቡርነታቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ጥንቃቄ የጎደለው አነካክ ነው።»

እኔ ግድግዳ ተደግፌ አፌን ይዣለሁ። ጋሼ ስክሪኑን ቀና አደረጉት፤ ይህኛው የማን ሥራ እንደሆነ አልጠየቁም፣ ብቻ ገላመጡኝ። ጥግ ላይ ያለችውን የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል ሲከፍቱ ወፏ እዚያ ውስጥ ናት።

«ውይ! ሞታለች?» አለች እናቴ።

«ኧረ ደኅና ናት። ቅርጫቱ እስኪደፋ ድረስ እዚህ የገባ አይሞትም። ይምጡ፣ እርስዎ ያውጧት። ይችን ይጫኑ... አሁን ደግሞ ይችን።»

እናቴ ተጫነች። ወፏ ቦታዋ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች። እናቴ በሌባ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ዳሰሰቻት።

«ይሄ ከሥሯ ያለው ጽሕፈት ምንድን ነው?»

«ስሟ ነው፣ በፈረንጅ ፊደል። ከፈለጉ ይለወጣል። ማን እንበላት?»

እናቴ ትንሽ አሰበች። ምን እንዳሰበች አልነገረችንም፤ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና በአንድ ጣት ቁልፎቹን መፈለግ ጀመረች። ጋሼ ሰው ሲንቀራፈፍ ማየት የማይችሉ፣ ማውሱን ከእጃችሁ ነጥቀው «ተነሥ፣ እኔ ልሥራው» የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ጣቷ ከፊደል ፊደል ሲዞር የእሳቸው ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ሁለተኛውን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ መጫን እንዳለባት ብቻ አሳዩዋት። ከወፏ ሥር «የኔ» የሚል ወጣ።

ስሸኛቸው በር ላይ አስቆምኳቸው።

«ጋሼ፣ ወገብዎን ካመመዎት ወዲህ እኛ ቤት ረግጠው አያውቁም። ወፏ ደግሞ እስከ ትናንት ነበረች። እንዴት አድርገው ነው የነኩት?»

መንገድ እንደሚሻገር ሰው ግራና ቀኝ አዩ።

«አንተ ደግሞ መቼ ነው መርማሪ የሆንከው? አጥፊው አምኗል፣ መዝገቡ ተዘግቷል።» ትንሽ ራመድ ብለው ዞሩ። «ለጨርቋ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉላት። ማውሱ ሲታሽ ወፏን ጎትቶ ቅርጫት ውስጥ ይጥላታል።»

በሰፈሩ ውስጥ ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ ሁሉንም ያስለፈለፉ ሰው፣ ለእናቴ ሲሉ በራሳቸው ላይ በሐሰት መሰከሩ። ላቅፋቸው ፈልጌ ነበር፤ መታቀፍ አይወዱም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አልኩ። ስለሳቸው የቀለድኩትን ቀልድ ሁሉ አሁንም እቀልዳለሁ። ክፉ የሚናገርባቸው ከመጣ ግን ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ባለቤቴን ከወጥ ቤት ጠርታ ስክሪኑ ፊት አቁማታለች። «እስቲ ይሄን አንብቢው» ትላታለች። ባለቤቴ አነበበች። ቀጥሎ እኔን ጠራችኝ፣ አነበብኩ። በዚያው ሰዓት የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በር አንኳኳ፤ እሱንም ይዛው ገባች። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ስክሪኑን አየ፣ እኛን አየ፣ «የኔ» አለ።

«ጎበዝ» አለችው እናቴ።