የሌለ ሰው የምታስገባዋ ልጄ

አንባቢዬ፣ የሌለ ሰው ፈጥሮ በበር የሚያስገባ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ አንዷን ወልጃለሁ። ልጄ ሀዋሳ ውስጥ ለአንድ ክሊኒክ የታካሚዎች መረጃ የሚቀመጥበትን ድረ ገጽ ትሠራለች። ስትፈትሸው የይለፍ ቃል ሳትጠይቅ፣ ኮምፒውተሩን “ይቺ ነርስ ገብታለች እንበል” ትለዋለች።

“ያለ መታወቂያ?” አልኳት። ሟቹ ባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ጥበቃ ሳለ፣ መታወቂያ የረሳሁ ቀን ያመጣሁለትን ምሳ ተቀብሎ እኔን ከበር ይመልሰኝ ነበር።

“እማ፣ የውሸት ነርስ እኮ ናት! የምፈትሸው በሩን ሳይሆን ውስጡን ነው። አሁን ደግሞ የታካሚ መዝገብ ማየት ያልተፈቀደላትን ሴት ልላክ፤ እሷ ከገባች የሰው ገመና አደባባይ ወጣ ማለት ነው።”

ለዚህችኛዋ የእኔን ስም ሰጠቻት። ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አልኩ። ገጹ “አይፈቀድም” አለኝ።

አባቷ ካረፈ ወዲህ ከበር የመለሰኝ ሰው አልነበረም። የአባቷ ልጅ! ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።