የጉልበት ሕመም በውክልና

ታማኝ ሠራተኛ ማለት በሰዓቱ ገብቶ ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው ብለው የሚያስቡ የዋሃን አሉ። የዚያ መሥሪያ ቤት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ግን ታማኝነትን ከዚህ ተራ ደረጃ አንሥተው እስከ ጉልበት ድረስ ያደረሱ ታላቅ ሰው ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው ሥራ አስኪያጁ ደረጃ ሲወጡ «ኤጭ!» ብለው የግራ ጉልበታቸውን የያዙ ዕለት ነው። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ብግነት መሆኑን ነገራቸው። ምክትሉ ይህን ሲሰሙ ጊዜ አላባከኑም።

«ጌታዬ፣ እኔንም እኮ እዚሁ ጋ ነው የሚጠዘጥዘኝ!»

«አንተንም? ግራውን?»

«ግራውን። የእርስዎ ቀኙ ከሆነ ግን የእኔም ቀኙ ደህና አይደለም።»

ከበላይ አካል ጋር በቅንጅት የመታመም አሠራር በዚህ መልኩ ተግባራዊ ሆነ። አለቃ ጉልበታቸው ላይ በረዶ ሲይዙ ምክትሉም በረዶ ያዙ፤ አለቃ ወደ ሙቅ ውሃ ሲዞሩ ምክትሉም የሙቅ ውሃ ከረጢታቸውን ታቅፈው ስብሰባ ገቡ። የአለቃ ቅባት ሲቀየር የምክትሉም ሽታ አብሮ ተቀየረ። ማታ ቤታቸው ሲደርሱ ግን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ይወጡታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ቢሮ እያነከስክ ነው አሉ፤ ምን ሆነህ ነው?» አሏቸው ባለቤታቸው።

«ሥራ ነው። አንቺ አይገባሽም።»

አንድ ቀን ሁለቱ ሹማምንት አብረው ፊዚዮቴራፒ ሄዱ። ምክትሉ አልጋው ላይ ተጋደሙና ከመጋረጃው ወዲያ ላሉት አለቃቸው እንዲሰማ ዓይናቸውን ጨፍነው ያቃስቱ ጀመር።

«እዚህ ጋ ያምዎታል?» አለች ባለሙያዋ።

«ወይኔ!»

«እዚህስ?»

«ኧረ ቀስ በይ እናቴ! ገደልሽኝ!»

«አሁን የነካሁት የአልጋውን ብረት ነው።»

ሳይንስ ገና ያልደረሰበት ታማኝነት ማለት ይህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ግን መድኃኒታቸውን በሥርዓት እየዋጡ፣ የታዘዘላቸውን እንቅስቃሴ እያጉረመረሙም ቢሆን እየሠሩ፣ ኪሎም ቀንሰው ደረጃውን ያለ ድጋፍ መውጣት ጀመሩ። ሕመሙ ጨርሶ ባይለቃቸውም አደብ ገዛ። ምክትሉም ቀስ እያሉ ለመዳን ሲዘጋጁ (ቸኩሎ መዳን ያስጠረጥራል) ድንገት ስብሰባ ተጠራ። የቅርንጫፎች ሁሉ የበላይ ኃላፊ ሊሾም ነው። ከከተማ ከተማ የሚያዞር፣ መኪና ያለው፣ ምክትሉ ዓመታት ያለሙት ወንበር!

«ሹመቱ ለሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ተሰጥቷል» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ምክትሉ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሡ። «ጌታዬ፣ እኔስ?»

«አንተማ በዚያ ጉልበትህ? ደግሞ ቀስ ብለህ ተነሣ እንጂ።»

«ድኛለሁ! ይኸው!» አሉና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቁጢጥ ብድግ፣ ቁጢጥ ብድግ አሉ። ያም አልበቃ ሲላቸው «እሷስ? የጣቶቿ መገጣጠሚያ ካበጠ ስንት ዓመቱ! መድኃኒት ስትውጥ በዓይኔ አይቻለሁ!» ብለው ጮኹ።

ሒሳብ ሹሟ ሣቋን ለመደበቅ አጎነበሰች።

«አውቃለሁ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «እሷ ሕመሟን ይዛ ሥራ ትሠራለች። አንተ ደግሞ ሥራህን ትተህ ሕመም ትሠራለህ።»

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ምክትሉ ሊወጡ በሩ ጋ ሲደርሱ ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ እያነከሱ ይውጡ ወይስ ሳያነክሱ? ለዚህ ገና መመሪያ አልወጣም ነበር።