የሐሙሱ ጠራጊ

ብዙ ሰው በአንድ ሰርቨር ላይ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ከሌባውም ከሐሜተኛውም ይበልጥ የሚጠላ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱም ሥራውን እንደ ደንቡ የሚሠራው ነው። ሌባ ቢያንስ ተደብቆ ይወስዳል። ይህኛው አስቀድሞ ማስታወቂያ ያወጣል።

በዚህ መሥሪያ ቤት እኚህን ሰው «ክቡር ጠራጊ» ብላ የሰየመቻቸው ስልከኛዋ ናት፤ ስሙም ከመዝገብ ስማቸው ይልቅ ጸንቶላቸዋል። ክቡር ጠራጊ ሠላሳ ስምንቱም ሠራተኛ ገብቶ የሚሠራበትን አንድ ሰርቨር ይጠብቃሉ። በየሰው ጠረጴዛ ላይ ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው፤ የተቀረው ሁሉ፣ ብራውዘሩ የሚያከማቸው ሥዕል፣ የታዩት ገጾች ዝርዝር፣ የይለፍ ቃሉ ሳይቀር፣ በእሳቸው ክፍል ቀን ከሌት በምትጮኸው ሣጥን ውስጥ ይጠራቀማል። ሣጥኗ ከሞላች የሠላሳ ስምንት ሰው ሥራ ይቆማል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሁሉም ስክሪን ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ «ዛሬ ሐሙስ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ብራውዘር ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።» ቀርቶም አያውቅም።

የዕቅድ ባለሙያው ስድሳ ሦስት ገጽ ከፍቶ የሚኖር ሰው ነበር። ማስታወሻ ደብተር አይዝም፤ ያሰበውን ሁሉ ከፍቶ ይተወዋል። በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አርብ ጠዋት ሲገባ ባዶ ነጭ ገጽ ጠበቀው። የሳምንት ሙሉ ሐሳቡ የት እንደገባ ሊጠይቅ ወረደ። ክቡር ጠራጊ ከመነጽራቸው በላይ አይተውት፣ የሐሳብ መቀመጫው ጭንቅላት መሆኑን በትዕግሥት አስረዱት።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ የይለፍ ቃሏ በየሳምንቱ ቢጠፋባት በወረቀት ጽፋ ስክሪኗ ላይ ለጠፈችው። ክቡር ጠራጊ ወረቀቱን ነቅለው፣ በፖስታ አሽገው፣ «ምስጢር» ብለው ጽፈውበት መለሱላት። የሕግ አማካሪው ደግሞ ብራውዘሩ ሲከፈት የኳስ ውጤት እንዲመጣለት በቃል ለመነ። «በጽሑፍ አምጣ፤ ምክንያቱም ይገለጽ» አሉት። የሕግ ሰው ነውና ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። የፊደል ስሕተቱን በቀይ አርመው፣ ከግርጌው «አልተፈቀደም» ብለው መለሱለት። ማንም ሰው የራሱን እንዲጠርግም አይፈቅዱም፤ የመደምሰሻው ቁልፍ በሁሉም ስክሪን ላይ ደብዝዞ፣ ቢጫኑት የማይሠራ ሆኖ ተቀምጧል። «ቤቱ የጋራ ነው፤ እያንዳንዱ ባሻው ቀን መጥረጊያ ካነሣ ቆሻሻው የማን እንደሆነ አይታወቅም» ይላሉ።

ስልከኛዋ በዚህ ሁሉ ስትስቅ ኖራለች፤ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

ማክሰኞ ዕለት የኢንተርኔቱ መንቀርፈፍ ያስቆጣው ዋና ኃላፊ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ በሥራ ቦታ ማን ምን እንደሚያይ ከሰርቨሩ አስወጥቶ በየስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጥፍ አሳወቀ። ሌላው ሰው ስለ ጫማ ገበያውና ስለ ኳሱ አፈረ። ስልከኛዋ ግን የምትደብቀው ሌላ ነገር ነበራት። ግራ ጆሮዋ መስማት ካቆመ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። የስልኩን ማዳመጫ ወደ ቀኝ አዛውራ፣ ለማንም ሳትተነፍስ፣ በምሳ ሰዓት ስለ ጆሮ ሕመም የሚያወሩ ገጾችን ስታነብ ከርማለች። ቤት ያለው ስልክ ከልጇ ጋር የሚጋሩት ነው፤ ልጅቷ ካየች እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። ስልከኛ ደግሞ ጆሮዋ ከተጠረጠረ ምን ቀራት?

በማግሥቱ የደበዘዘውን ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች። አልሆነም። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ክቡር ጠራጊ ክፍል ወረደች።

«የእኔን ብቻ ዛሬ ቢጠርጉልኝ» አለች።

«ለአንድ ሰው ለይቼ አልጠርግም። ካስፈለገ በጽሑፍ፤ ምክንያቱ ተገልጾ።»

ምክንያቱን መጻፍ ብትችል ኖሮ መች ትመጣ ነበር። ልትወጣ ስትል ኃላፊው ገባ፤ ዝርዝሩን አሁኑኑ እንደሚፈልግ ተናገረ።

«በደብዳቤ ይምጣልኝ» አሉ ክቡር ጠራጊ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ።

«ከእኔም?»

«ከሁሉም በፊት ከእርስዎ። ጸሐፊ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ደብዳቤው ሐሙስ ረፋድ ላይ ተረቀቀ፣ ከሰዓት ተተየበ፣ ፊርማና ማኅተም ሲጠብቅ አመሸ፤ ቁጥር ተሰጥቶት ክቡር ጠራጊ እጅ የገባው አርብ ጠዋት ነው። የወጣው ዝርዝር ሠላሳ ስምንት ስም ነበረው፤ ከስሞቹ ትይዩ ምንም አልነበረም። ኃላፊው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ብሎ ደነፋ። ክቡር ጠራጊ የሐሙሱን መመሪያ ከመሳቢያ አውጥተው ከግርጌው ያለውን ፊርማ በጣታቸው አመለከቱ። ፊርማው የኃላፊው የራሱ ነበር።

ደግ ሥራ ተሠራ ለማለት አንቸኩልም። ስልከኛ የደከመ ጆሮዋን ከምትሠራበት ቤት መደበቋ ትክክል አይደለም፤ ከመስመሩ ማዶ የሚደውለው ሰው ጉዳይ አለው። መመሪያ አንድ ቀን ሰው አዳነ ተብሎ መመሪያን ማምለክም ሌላ ጥፋት ነው። ስልከኛዋ ራሷ ያመለጠችው በአጋጣሚ እንደሆነ አልተጠራጠረችም፤ ሰውየው ስለ እሷ ያሰቡት ነገር ይኖራል ብላ አልገመተችም።

ሰኞ ጠዋት ክቡር ጠራጊ ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። በሩ ያለው በግራዋ ነው፤ የመጣ ሁሉ እዚያው ቆሞ ያናግራታል፤ እሳቸውም እስከዚያ ቀን እንደዚያው ነበሩ። ያን ዕለት ግን ሆዳቸውን ስበው፣ የመደርደሪያውን ወረቀት እያረገፉ፣ በወንበሯ ጀርባ ተጣብቀው አልፈው በቀኟ ዞሩ። ጎንበስ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«እህቴ፣ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው አላየሁም ቢል ዋሽቷል። ለማንም አልናገርም። ኃላፊው ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። እኔ ሳልጠየቅ አንቺ ቅደሚ።»

ቀና ካሉ በኋላም አልሄዱም፤ እሷ እንዳደረገችው አርባ አንድ ገጽ ከፍቶ ወደ ቤት መሄድ ነውር መሆኑን ለሩብ ሰዓት ያህል ገሠጿት። አንዲት ቃል አላመለጠቻትም።

ከዚያ ተነሥታ ኃላፊው ዘንድ ገባች። ኃላፊው የሐኪም ወረቀት እስክታመጣ ከቦታዋ እንደማያነሣት፣ የቀረው በወረቀቱ እንደሚወሰን ነገራት። የዚያኑ ቀን የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ በኢንተርኔት ያዘች። ቀኑንና ቁጥሩን የያዘውን ገጽ እንዳይጠፋባት ብላ ከፍታ ተወችው።

ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ተጠረገ።

አርብ ጠዋት ነጩን ገጽ እያየች ማዳመጫውን በቀኝ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሐኪም ቤቱ ደወለች፤ ስልኩ እስኪነሣ ድረስም ክቡር ጠራጊን ስትረግም ቆየች። እርግማኑ ግን ሰው ለሥጋ ዘመዱ የሚያወርደው ዓይነት ነበር።