ቅቤ የነካው ደብዳቤ

ሰው የሚበላውን በጾምና በፍስክ ከፍሎ እንደሚኖር ሁሉም ያውቃል። የሚያነበውንም እንዲሁ መክፈል እንዳለበት ግን ዓለም ብዙ ዘመን ሳያውቅ ኖረ። እውነቱ በመጨረሻ የተገለጠው አዳማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ግራር ሥር ነው። የገለጡትም በዚያች ጥላ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት አቶ ኃይለየሱስ ናቸው።

አቶ ኃይለየሱስ የማያነቡት ነገር አልነበረም። ያነበቡትን ሁሉ የሚያሰፍሩበት ወፍራም መዝገብ ነበራቸው፤ ግራው ገጽ የጾም፣ ቀኙ ገጽ የፍስክ። ሕግ፣ አዋጅ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ ጋር የሚመጣ ወረቀት፣ የባቡር ሰዓት ማስታወቂያ፣ እነዚህ ሽሮ ናቸው። ተረትና ግጥም ሥጋ ናቸው። የነገሥታት ታሪክ ጦርነቱ እስኪጀመር ምስር ነው፤ መድፉ ከጮኸ በኋላ ግን ጥሬ ሥጋ ይሆናል። ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ መጽሐፉ ሠራዊቱ እንደተሰለፈ ይዘጋል፤ ተዋጊዎቹም ሃምሳ አምስት ቀን ጦራቸውን ሰብቀው ፋሲካን ይጠብቃሉ። የእንቆቅልሽ መጽሐፍ እንደ ዓሣ ነው፤ ሊቃውንት አልተስማሙበትም፤ አቶ ኃይለየሱስ በር ዘግተው ያነቡታል። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የፍቅር ታሪክ ነበር፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የከለከሉት እሱን ነው።

ሕጉ በሁለት በኩል የተሳለ ነበር። በፍስክ ወራትም የጾም ንባብ አይነካም። «በፋሲካ ሽሮ የሚበላ ፋሲካን የናቀ ነው» ይላሉ።

አንድ ሁዳዴ የሰፈሩን ባለሱቅ መሐመድዘይንን ሊጣሉት ሄዱ።

«መሐመድዘይን፣ ትናንት ስኳሩን በምን ጠቀለልክልኝ?»

«በጋዜጣ ነዋ!»

«በየትኛው ገጽ? ልጅቱ መስኮት ላይ ቆማ የምታለቅስበት ገጽ እኮ ነው! ሳላስበው ሦስት መስመር ዋጥኩ!»

«ወላሂ፣ ስኳሩ አልጎደለም።»

«ከዛሬ ጀምሮ በአዋጅ ጠቅልልልኝ።»

መሐመድዘይን ደግ ሰው ነውና እሺ አለ። የአማርኛ ፊደል ስለማያውቅ ግን ሥዕል የሌለበትን ገጽ ሁሉ አዋጅ ነው ይል ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን እንዲኖር አገር አይፈቅድም። አቶ ኃይለየሱስ አርባ ዓመት ሞልቷቸው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ሲልኩ ነበር። የሚሹት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንበብ የምትችል ሚስት። ቅቤ ነጋዴው አቶ መርዳሳ ቢሾፍቱ ውስጥ ወይዘሮ አበዛሽ የምትባል፣ ራሷ ጽፋ ራሷ የምታነብ ሴት አገኘላቸው። ተያይተው አያውቁም። ጥያቄው ቀረበ፤ መልሱም በሁዳዴ ሁለተኛ ቀን፣ በመርዳሳ ስልቻ ውስጥ ሆኖ አዳማ ደረሰ።

«አካም ጅርታ፣ ኃይለየሱስ! ይኸው፣ በእጇ የጻፈችው ነው። ፈጥኖ ያንብበው ብላለች።»

አቶ ኃይለየሱስ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ፖስታው ላይ እንደ ጠገራ ብር ክብ የሆነ ቢጫ ነገር አዩ። አሸተቱት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅቤ ነው። ከቅሉ ጋር ተቀምጦ ነበር።»

«ቅቤ!»

«ለጋ ቅቤ! ምን የመሰለ!»

«መርዳሳ፣ ይህ ደብዳቤ የፍስክ ነው።»

«ወረቀት እኮ ነው፣ ያ ጃላ!»

«የጻፈችው የታጨች ሴት ናት፤ ቅቤም ነክቶታል። ሁለት ምስክር ቆሟል።»

መርዳሳ ፖስታውን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ሰማዩን አየ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። እኔ ነገ ቅቤ ልገዛ አቦምሳ እወርዳለሁ። ለፋሲካ እንገናኝ» ብሎ በቅሎውን ጎተተ።

ጠጅ ነጋዴዋ የቤት አከራያቸው ወይዘሮ ሽታዬ ግን በዚህ የምትለቅ ሴት አልነበረችም።

«ይክፈቱት እንጂ!»

«ሁዳዴ ነው፣ ወይዘሮ ሽታዬ።»

«ሴትዮዋ ሞታ ቢሆንስ?»

«መርዶ ከሆነማ የጾም ነው፤ ይፈቀዳል።»

«መርዶ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«ሲከፈት ነዋ።»

ጉዳዩ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደ። ቄሱ ፖስታውን አገላብጠው፣ «ልጄ፣ ጾም ለአፍና ለልብ ነው፤ ወረቀት ምን አጠፋ?» አሉ። አቶ ኃይለየሱስም በመዝገባቸው ላይ «ቄሱ ላልተዋል» ብለው አሰፈሩ። ደብዳቤውን ዳዊታቸው ውስጥ አኖሩት። ጠዋት ጠዋት እያወጡ ያሸቱታል፤ ማሽተት ጾም አይሽርምና።

ሁዳዴ በተጋመሰ፣ ከደብረ ዘይት ማግሥት ሰኞ፣ ግራሯ ሥር ተቀምጠው የባቡር ሰዓት ማስታወቂያ ያነቡ ነበር። ባቡሩ ራሱ መጥቶ ፊታቸው ቆሟል፤ እሳቸው ግን ገና ሞጆን አላለፉም። ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ገጽ ሳያልቅ ቀና አይሉም።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ፤ ኃይለየሱስ የሚባሉት ጸሐፊ እዚህ ነው የሚቀመጡት?» አለ የሴት ድምፅ።

አቶ ኃይለየሱስ ዓይናቸውን ከመስመሩ ሳያነሡ አንድ ጣት አነሡ። ቆይ ማለታቸው ነው።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ ነዎት?»

ሁለተኛ ጣት ተነሣ።

ከወረቀቱ ጠርዝ በታች ሁለት ጫማዎች ይታዩአቸው ነበር። ቢጫ ናቸው፤ የግራው በሰማያዊ ክር ታስሯል። ጫማዎቹ ጥቂት ቆሙ። ባቡሩ ጮኸ። ከላይ አጭር ሳቅ ተሰማና ጫማዎቹ ዞረው ሄዱ። አቶ ኃይለየሱስ ገጹን ጨርሰው ቀና ሲሉ የቀረው ጭሱ ብቻ ነበር። በመዝገባቸውም «ገጽ ሁለት፤ በባለጉዳይ ተረብሿል» ብለው ጻፉ።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮው ወጥቶ፣ ወይዘሮ ሽታዬ የራሷን ጉርሻ ረስታ እጃቸውን እያየች፣ አቶ ኃይለየሱስ እንደ ሙሽራ ለብሰው ፖስታውን ከፈቱ። የሚጠብቁት ወለላ ነበር። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለአቶ ኃይለየሱስ። የደብረ ዘይት ማግሥት ሰኞ በባቡር እመጣለሁ። ባቡሩ ከቢሾፍቱ በሦስት ሰዓት ይነሣል፤ አዳማ አምስት ሰዓት ደርሶ ሩብ ሰዓት ይቆማል። ወርጄ ፊትዎን አይቼ ደስ ካለኝ እቀራለሁ። ካላገኘሁዎ ወደ ወንድሜ ወደ ድሬዳዋ አልፋለሁ። እንዲለዩኝ ቢጫ ጫማ አደርጋለሁ፤ የግራው ማሰሪያ ስለተበጠሰ በሰማያዊ ክር አስሬዋለሁ። ንባብ እንደሚወዱ ስለሰማሁ፣ ጊዜዎን ላለመሻማት አሳጠርሁት። አበዛሽ።»

ዶሮው ቀዘቀዘ።

«ምን ይላል?» አለች ወይዘሮ ሽታዬ።

«የባቡር ሰዓት ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«የባቡር ሰዓት! ታዲያ ከጥንቱም የጾም ነበር በሉኛ!»

የአቶ ኃይለየሱስ ዓይን ወለሉ ላይ ነበር፤ እዚያ የሌሉ ሁለት ቢጫ ጫማዎች ያያሉ። ቀስ ብለው ሁሉን ነገሯት። ወይዘሮ ሽታዬ ሰምታ ስትጨርስ ደረቷን መታች፣ ሳቋ አመለጣት፣ መልሳም ተቆጣች።

«ምን ተቀምጠዋል ታዲያ? ሴትዮዋ እኮ ድሬዳዋ እንጂ ሰማይ ቤት አልሄደችም! ተነሥተው ይከተሏት!»

«እከተላታለሁ!» ብለው ተነሡ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተነሥተው አያውቁም። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ በሩ ድረስ በሩጫ ሄዱ። «ባቡሩ መቼ ነው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ከፋሲካ ጀምሮ ሰዓቱ ተለውጧል አሉ። አዲሱ ወረቀት ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሄደው ያንብቡት!»

አቶ ኃይለየሱስ አንድ እግራቸው ውጭ፣ አንድ እግራቸው ውስጥ እንደሆነ ቆሙ። ባርኔጣቸውን በቀስታ አወለቁ።

«ወይዘሮ ሽታዬ» አሉ፤ «ዛሬ እኮ ፍስክ ነው።»

የሐዋርያት ጾም እስኪገባ ሃምሳ ቀን ቀርቶ ነበር።