ናስረዲን ተርሚናሉን ሲያስተካክል

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሥራ ቦታውን ሲያስተካክል የሚውል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ተማሪ ከሆነ የጥናት ፕሮግራሙን በአራት ዓይነት ቀለም ሲያሰምር ፈተናው ይደርስበታል። ሾፌር ከሆነ መስታወቱን፣ ወንበሩንና ሙዚቃውን እስኪያስማማ ተሳፋሪው ተስፋ ቆርጦ ይወርዳል። ለሆሳዕና ከተማ የደረሳት ደግሞ ክቡር ኢንጂነር ናስረዲን ነበር። ኢንጂነር ብላ የሰየመችው ሳሊሃ ናት። “ክቡር” የሚለውንም የጨመረችለት እሷው ናት፣ በጣም በተናደደችበት ቀን።

ሳሊሃ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ መታወቂያ ትሠራለች፣ የሠርግ ጥሪ ታትማለች። ናስረዲን የሁለተኛ ደረጃ የክፍል ጓደኛዋ ነበር፤ ኮምፒውተር ተምሮ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ቀጠረችው። በመጀመሪያው ሳምንት በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጫነ፣ ማውሱን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተ፣ ተርሚናል የሚባለውን፣ ትእዛዝ በፊደል የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተ። ከዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን መስኮት ሲያስተካክል ኖረ።

“ሁለት ደቂቃ ሳሊ” ይላታል። “አንዴ ላስተካክላት፤ ከዚያ ለዕድሜ ልክ ነው።”

የፊደሉን ቀለም ለመምረጥ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀ። አረንጓዴው ዓይን ይወጋል፣ ቢጫው እንቅልፍ ያመጣል፣ ሰማያዊው ከጥቁሩ ጋር አይታረቅም። በሦስተኛው ቀን፣ ማመልከቻ ለማጻፍ ከዳምቦያ የመጡ ዳኘ የሚባሉ ሽማግሌ ከኋላው ተቀምጠው ሲያዩት ቆዩና አዘኑለት።

“ልጄ፣ ይሄ ነገር ተቃጥሏል መሰለኝ። ጠቁሯል እኮ።”

“አልተቃጠለም አባባ፤ ተስተካክሎ ነው።”

“ሳይስተካከል እንዴት ነበር?” አሉ ሽማግሌው፣ ከልባቸው ደንግጠው።

ከቀለሙ ቀጥሎ አቋራጮቹ መጡ። አንድ ክንድ የሚሆነውን ትእዛዝ ሁሉ በከተማ ስም ያሳጥረው ጀመር። ሺንሺቾ ብሎ ሲጽፍ ፎቶዎች በመታወቂያ ልክ ይቆረጣሉ። ዱራሜ ሲል ስሞች በፊደል ተራ ይሰለፋሉ። ጊምቢቹ ሲል ፋይሉ ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል። “ሰው ኮምፒውተር ይከፍታል፣ አንተ መናኸሪያ ከፈትክ” ብላ ሳሊሃ ሳቀችበት። ሆኖም ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእሷም ጣቶች ሳታስበው ጊምቢቹን መጻፍ ለመዱ።

ባለፈው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት የአንድ ሺህ አራት መቶ ተማሪዎች መታወቂያ አዘዛቸው፤ ቅዳሜ ሊረከብ። ሳሊሃ ዓርብ ጠዋት ስትገባ ክቡር ኢንጂነር ጥቁሩ መስኮት ላይ አቀርቅሮ የማስተካከያ ፋይል ሲጽፍ አገኘችው።

“ናስሩ፣ ስንት ደረስን?”

“ገና አልጀመርኩም።”

“አልጀመርኩም?”

“ሁለት ደቂቃ ሳሊ። አንዴ ላስተካክላትና...”

“ዕድሜ ልኬን እኮ ጨረስከው!” አለችው።

እሱ መጻፉን ቀጠለ። ሰዓቱ ሲደርስ ለጁምዓ ሶላት ወጣ። እሱ እንደወጣ ሳሊሃ ጎረቤቷን የኮምፒውተር ጠጋኝ ተክለጊዮርጊስን ጠርታ ማሽኑን ፎርማት አድርጎ፣ ያለበትን ሁሉ ጠርጎ፣ ዊንዶውስ እንዲጭንላት ነገረችው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አስቀድማ በናስረዲን ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ፍላሽ ላይ አስገለበጠች።

“የእሱ ነገር ሁሉ ተገልብጧል?” ብላ ጠየቀች።

“የሚታየው ሁሉ ተገልብጧል” አለ ተክለጊዮርጊስ። አልዋሸም።

ናስረዲን ከሶላት ሲመለስ ስክሪኑ ላይ የዊንዶውሱ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ሜዳ ጠበቀው። ሳሊሃ ያቀበለችውን ፍላሽ ሰክቶ ከላይ እስከ ታች አየው።

“ነጥብ ያላቸው የሉም” አለ።

“የምን ነጥብ?”

“ሊኑክስ ላይ የማስተካከያ ፋይል ስሙ በነጥብ ይጀምራል። በነጥብ የጀመረ ደግሞ እንዲታይ ካላዘዝሽው አይታይም። ስድስት ዓመት የጻፍኩት ሁሉ እዚያ ነበር።”

“ሌላ ቦታ ቅጂ የለህም?”

“ቅጂ አስቀምጡ እያልኩ ለሰው ሁሉ ስመክር ነው የኖርኩት” አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ሳሊሃ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። “ጠዋት ምን ነበር የምትሠራው?”

“መታወቂያውን ነዋ። ፎቶውን፣ ስሙንና ቁጥሩን ራሱ አገናኝቶ አንድ ሺህ አራት መቶውንም ባንዴ የሚያወጣ ትእዛዝ። ስመለስ ልሞክራት ነበር።”

ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን መሳቢያውን ስቦ ማውሱን አወጣ፣ አቧራውን እፍ አለበት፣ ተቀመጠና የመጀመሪያውን ተማሪ ፎቶ በእጁ መቁረጥ ጀመረ። ቅዳሜ አልደረሰላቸውም። እሑድንም ጨምረው ሰኞ ከሰዓት ጨረሱ፤ ትምህርት ቤቱም ዳግመኛ አልመጣም። በእነዚያ ቀናት ሳሊሃ ይቅርታ ልትጠይቀው ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቱንም ጊዜ የወጣው “ቀጣዩን አምጣ” የሚል ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ናስረዲን ዱራሜ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሲሰናበታት ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ፣ የተከፈተውን መሳቢያ ዘግቶ ሄደ። ሳሊሃ ከእንግዲህ ቢያንስ “ሁለት ደቂቃ” የሚለኝ የለም ብላ ራሷን አጽናናች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙሉመቤት የምትባል መምህርት አርባ ገጽ ጥናት እያስጻፈቻት ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ከአርባው ገጽ አንድም አልነበረም።

“በፊት እኮ እዚህ ቤት መብራት ቢሄድም አይጠፋም ነበር” አለች መምህርቷ፣ ግራ ተጋብታ።

እውነቷን ነው፤ አይጠፋም ነበር። ሳሊሃ ኮምፒውተር ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ ይመስላት ነበር። መምህርቷን አባብላ ከሸኘች በኋላ ናስረዲን ጋ ደወለች።

“በፊት በራሱ ያስቀምጥ አልነበር?”

“በየሦስት ደቂቃው እንዲያስቀምጥ አዝዤው ነበር። እኔ የመጣሁ ሰሞን መብራት ሄዶብሽ ስታለቅሺ አይቼሽ ነበርና።”

“መቼ ነው ያስተካከልከው?”

“ቀለም ስመርጥ የከረምኩ ጊዜ” አለ። “ቀለም እኮ ሦስት ቀን አይፈጅም፣ ሳሊ።”

በማግሥቱ ሱቋን ዘግታ በሚኒባስ ዱራሜ ሄደች። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ባልደረቦቹ ወጥተው እሱን ብቻውን ጠረጴዛው ጋ አገኘችው። ሰላም ተባባሉ፤ ስለ እናቱ ጤና ጠየቀችው፣ ስለ ሱቁ ጠየቃት። ዓይኗ ግን ስክሪኑ ላይ ነበር። ያው ጥቁር መስኮት ነው፤ ግን ቀለም የለውም፣ አቋራጭ የለውም፣ ፊደሉም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

“አላስተካከልከውም?”

“ምን ያደርጋል?” አለ ትከሻውን ነቅንቆ። “እንዲሁም ይሠራል።”

ሳሊሃ ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስድስት ዓመት ጸልያለች ማለት ይቻላል። አሁን ስትሰማው ግን መርዶ መሰላት።

“ናስሩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልጠይቅህ ነው ያጠፋሁብህ። ያኔ ይቅርታ ልልህ ፈልጌ አፌ እንቢ አለኝ።”

“አውቃለሁ” አለ ቀስ ብሎ። “ሦስት ጊዜ አይቼሻለሁ።”

“ከባዶ ቢጀመር ስንት ጊዜ ይፈጃል?”

“እኔ እንጃ። ግማሹን ረስቼዋለሁ።”

ውጪ የሚኒባሱ ረዳት “ሆሳዕና! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!” እያለ ይጣራል። ሳሊሃ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ የባልደረባውን ወንበር ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች።

“የመጀመሪያዋን መስመር ጻፋት” አለችው። “አላቻኩልህም።”

ናስረዲን አያት። ከዚያ ባዶ ፋይል ከፈተ፤ ጻፈ፣ አጠፋ፣ አገጩን ይዞ አሰበ፣ እንደገና ጻፈ። ከጻፈው አንዲቱም አልገባትም። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሣ ድምፁን ሰማችው። ወንበሯን ትንሽ አስጠጋች እንጂ አልተነሣችም።